ልል መገጣጠሚያና የሰነበተ ሕመም፦ ከየት ይጀመር?

ልጅ ሳሉ አውራ ጣትዎን ወደኋላ አጥፈው ክንድዎን እያስነኩ ጓደኞችዎን ያስደንቁ ነበር? ዛሬስ አንድ ሰሞን ጉልበትዎን፣ ሌላ ሰሞን ትከሻዎን፣ ደግሞ ወገብዎን እያመመዎት ራጅ ሲነሱ «ምንም የለብዎትም» ይባላሉ? እንግዲያው ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእርስዎ ነው። መገጣጠሚያቸው ከሌላው ሰው በላይ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ሰዎች በየቤቱ አሉ። ሐኪሞች ሃይፐርሞቢሊቲ ይሉታል፤ እኔ ልልነት እያልኩ እቀጥላለሁ።

ልልነት በራሱ በሽታ አይደለም። አብዛኞቹ ልል ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳያማቸው ይኖራሉ። በሴቶች፣ በወጣቶች፣ እንዲሁም በአፍሪካና በእስያ ተወላጆች ላይ ጎልቶ ይታያል። ችግር የሚሆነው የማይለቅ ሕመም፣ ተደጋጋሚ ወለምታና ድካም ሲያስከትል ነው። ያን ጊዜ ሕመሙ የእውነት ነው። ራጅ በዋናነት አጥንት ያሳያል እንጂ የሚለጠጥ ጅማትና የዛለ ጡንቻ አያሳይም። «ብርድ ነው»፣ «ነርቭ ነው»፣ «ሐሳብ አብዝተሽ ነው» እየተባሉ ዓመታት ያሳለፉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ከሕመሙ እኩል ያቆሰላቸው አለመታመናቸው ነው።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት በአብዛኛው የተሠራው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ጅማቱ ከተፈጥሮው የሚለጠጥ ሲሆን መገጣጠሚያውን በቦታው የመያዙ ሥራ በጡንቻ ላይ ይወድቃል። ማጠፊያው የላላ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ግን በተነካ ቁጥር ወለሉን ይፈትጋል፣ የሚገፋውም ሰው ከፍ አድርጎ መያዝ አለበት። ጡንቻዎ ያን በር ቀኑን ሙሉ ይዞ ይውላል። ማታ ላይ ትከሻና ወገብ ድንጋይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ አይወራለትም። በጅማትና በጡንቻ ውስጥ ያሉ ስሜት ተቀባዮች ክንድና እግራችን የት እንዳሉ ለአንጎል ይናገራሉ። በልል ሰው ላይ ይህ መልእክት ብዙውን ጊዜ ይደበዝዛል፤ ደልዳላ አስፋልት ላይ ቁርጭምጭሚት ወለም ይላል፣ ትከሻ ከበር መቃን ጋር ይጋጫል። በዚህ ላይ ሕመም ለወራት ሲመላለስ የነርቭ ሥርዓቱ ራሱ ንቁ ይሆንና ትንሹን ጫና እንደ ትልቅ ጉዳት መቁጠር ይጀምራል። ሰውዬው ይፈራል፣ መንቀሳቀስ ያቆማል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ መገጣጠሚያው ደግሞ የባሰ ድጋፍ ያጣል። ይህ አዙሪት የሚሰበረው በጡንቻ በኩል ነው። ጅማቱን በልምምድ ማጥበቅ አይቻልም፤ ጡንቻን ማጠንከር ግን በስድሳ ዓመትም ይቻላል።

1. ራስዎን ይለኩ

ቤይተን የሚባለው መለኪያ ዘጠኝ ነጥብ አለው፤ ጠረጴዛና መስታወት ይበቃዋል። መዳፍዎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ትንሿን ጣት በሌላው እጅ ቀስ አድርገው ወደ ላይ ያንሡ፤ ቀጥ ብላ ከመቆም አልፋ ወደኋላ ካዘነበለች፣ ማለትም 90 ዲግሪ ካለፈች፣ 1 ነጥብ ይያዙ። አውራ ጣት ወደ ታች ተገፍቶ የክንድን ውስጠኛ ገጽ ከነካ 1። ክንድ ሲዘረጋ ክርን ከ10 ዲግሪ በላይ ወደኋላ ከተቀለበሰ 1። ቆመው ሲታዩ ጉልበትም እንዲሁ ከ10 ዲግሪ በላይ ወደኋላ ከሄደ 1። እነዚህ አራቱ በቀኝም በግራም ስለሚለኩ ስምንት ይሆናሉ። ዘጠነኛው ጉልበት ሳያጥፉ ጎንበስ ብለው ሁለቱንም መዳፎች መሬት ላይ ማሳረፍ ነው።

በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት እስከ 50 ዓመት ያለ አዋቂ 5 እና ከዚያ በላይ፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ደግሞ 4 እና ከዚያ በላይ ካገኘ ልል ይባላል። ዕድሜ መገጣጠሚያን ስለሚያደርቅ ነጥብዎ በአንድ ቢያንስ ያለፈውን ይጠይቁ፦ መዳፍዎ መሬት ይነካ ነበር? አውራ ጣትዎ ክንድዎን ይነካ ነበር? በልጅነትዎ ሰውነትዎን እያጣጠፉ ሰው ያዝናኑ ነበር? ትከሻዎ ወይም የጉልበትዎ ሎሚ ከአንዴ በላይ ወልቆ ያውቃል? ራስዎን «ልል ነኝ» ይላሉ? ከአምስቱ ለሁለቱ «አዎ» ካሉ ጎደሎው ነጥብ ይሞላል።

መለኪያው ለኛ ለአፍሪካውያን እንግዳ አይደለም። መለኪያውን ያወጡት ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የተሠራው በደቡብ አፍሪካ ገጠር በሚኖሩ የጽዋና ተወላጆች ላይ ነበር። ጉድለትም አለው፤ ትከሻን፣ ዳሌን፣ ቁርጭምጭሚትንና መንጋጋን አይለካም። ስለዚህ 3 ነጥብ አግኝተው ትከሻዎ በየወሩ የሚወልቅ ከሆነ መለኪያው ነፃ አወጣኝ ብለው አይተዉት።

2. አደገኛውን አስቀድመው ይለዩ

ልል መሆን ከሌላ በሽታ አያድንም። መገጣጠሚያው ካበጠና ከጋለ፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ለሚበልጥ ጊዜ አልላቀቅ ካለ የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል። የጀርባ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ በኛ አገር መጀመሪያ መታሰብ ያለበት የአከርካሪ ቲቢ ነው፤ ጥሬ ወተት የሚጠጡ ወይም ከከብት ጋር የሚውሉ ከሆነ ብሩሴሎሲስም አለ። እግር ከዛለ፣ በጭን መሀል ስሜት ከጠፋ፣ ሽንት አልቆጣጠር ካለ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የወለቀ መገጣጠሚያን ተከትሎ ጣት ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረም እንዲሁ።

አንድ የተለየ ቡድን አለ። ቁመቱ ረጅም፣ ክንድና ጣቶቹ ከመጠን በላይ ረዘም ያሉ፣ የዓይኑ ሌንስ ከቦታው የሸሸ ሰው ማርፋን የሚባለው ችግር ሊኖርበት ይችላል። ቆዳው ሳስቶ ደም ሥሮቹ የሚታዩ፣ በትንሹ የሚበልዝ፣ በቤተሰቡ ውስጥ በደም ሥር፣ በአንጀት ወይም በማሕፀን መቀደድ በወጣትነት የሞተ ሰው ያለበት ደግሞ ኤለርስ ዳንሎስ ከሚባለው ሕመም የደም ሥር ዓይነቱ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሰዎች ልምምድ ከመጀመራቸው በፊት የልብ ሐኪም ሊያያቸውና የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ሊነሱ ይገባል።

3. አንድ ገጽ ይጻፉና ይዘው ይሂዱ

የሐኪም ጊዜ አጭር ነው፤ «ሰውነቴን በሙሉ ያመኛል» ካሉት በማስታገሻ ይሸኝዎታል። በአንድ ገጽ ላይ የሚያምዎትን ቦታዎች፣ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያብሰው፣ የወለቀውንና ወለም ያለውን፣ የቤይተን ነጥብዎን፣ በቤተሰብ ማን እንደሚመስልዎት ይጻፉ። ሲቆሙ ማዞር፣ የሆድ መንፋት፣ የማይለቅ ድካም ካለ ይጨምሩ፤ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ከዚያ ጣትዎን ወደኋላ አጥፈው ያሳዩ። በውጭ አገር በአስተርጓሚ የሚታከሙ ከሆነ ይህ ማሳየት ከብዙ ንግግር ይሻላል።

ሐኪሙ የደም ማነስን፣ የእንቅርት ሆርሞንን፣ ቫይታሚን ዲንና የብግነት ምልክቶችን ቢመረምር ተገቢ ነው። ልልነቱን ራሱን በደም ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ ግን የለም። በ2017ቱ ምደባ ኤለርስ ዳንሎስ 13 ዓይነት ሲኖረው፣ ዘረ መሉ ያልታወቀለት በብዛት የሚታየው ልል ዓይነቱ ብቻ ነበር። የዚህን ልል ዓይነት መስፈርት ሙሉ ለሙሉ ያላሟላ ሰው ሃይፐርሞቢሊቲ ስፔክትረም ዲስኦርደር የሚል ስም ይሰጠዋል። ሕክምናው አንድ ዓይነት ነውና ስሙን ፍለጋ ገንዘብዎን አይጨርሱ፤ ያንኑ ገንዘብ ለጥሩ ፊዚዮቴራፒስት ይክፈሉ።

4. መሀሉን ይማሩ

በዚህ ደረጃ ላይ ሳይቸኩሉ ይቆዩ፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። ልል ሰው ሲቆም በጡንቻው አይቆምም፤ ጉልበቱን ወደኋላ ቆልፎ፣ ዳሌውን ወደ ፊት ወይም ወደ አንድ ጎን ጥሎ በጅማቱ ላይ ይንጠለጠላል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ራስዎን ይመልከቱ።

በጎንዎ ወደ መስታወት ይቁሙ። ጉልበትዎ ወደኋላ እስኪቆለፍ ይግፉት፤ እግርዎ እንደ ቀስት ሲጎብጥ ያዩታል። አሁን ጉልበቱን ያላሉት፤ ሌላ ሰው «አጠፈ» የማይልዎትን ያህል ትንሽ ብቻ። ክብደትዎ በተረከዝ፣ በአውራ ጣት ሥርና በትንሿ ጣት ሥር ላይ እኩል ይረፍ። የጭንዎ ፊት ቀስ ብሎ ሲነቃ ይሰማዎታል። ያ መሀሉ ነው። መጀመሪያ ላይ ጠማማ የቆሙ ይመስልዎታል፤ አንጎልዎ የተቆለፈውን እንደ ቀጥተኛ ስለለመደው ነው። ጥርስ ሲቦርሹ፣ ወጥ ሲያማስሉ፣ ስልክ ሲያነሱ ይለማመዱት። ክርንም እንዲሁ ነው፤ ከአልጋ ሲነሱ ወይም ግድግዳ ሲደገፉ እስከ መጨረሻው አይዘርጉት።

የዚህ ሌላኛው ገጽታ መለጠጥን ማቆም ነው። የተወጠረ ጡንቻ ሲያስቸግር ወደ መጨረሻው መዘርጋትና ማንጫጫት እፎይ ያሰኛል፤ እፎይታው ግን ለአጭር ጊዜ ነው፣ ጡንቻውም የተወጠረው መገጣጠሚያውን ለመያዝ ነው። ሙቅ ፎጣና ቀስ ያለ መታሸት ይተካው። ወጌሻ ጋ የሚሄዱ ከሆነም ልል መሆንዎን ይንገሩ። ወጌሻ ለብዙ ሰው ባለውለታ ነው፤ በየሳምንቱ የሚጎተትና የሚንጫጫ ልል መገጣጠሚያ ግን የሚያገኘው ተጨማሪ ልልነት ነው። አንገትዎን ማንም ድንገት እንዲያዞር አይፍቀዱ።

5. ያጠንክሩ

ጂም አያስፈልግም። ጠንካራ ወንበር፣ ግድግዳ፣ ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ በቂ ነው፤ ውሃ የተሞላው ግማሽ ኪሎ ይመዝናል፣ ባለ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ። ከተቀደደ የብስክሌት ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ ደግሞ ለትከሻ መሳቢያ ይሆናል።

ከወንበር መነሣትና መቀመጥን በመጀመሪያ ይያዙ፦ ሦስት እየቆጠሩ ይነሱ፣ ላይ ሲደርሱ ጉልበት ሳይቆልፉ ያቁሙ፣ ሦስት እየቆጠሩ ይቀመጡ። በጀርባ ተኝተው ጉልበት አጥፈው መቀመጫን ማንሣትና አምስት እስኪቆጠር መያዝ ዳሌና ወገብን ይረዳል። ግድግዳን በሁለት መዳፍ ቀስ ብሎ መግፋት፣ ክርን ሳይዘረጋ፣ ለትከሻ ነው። ተረከዝ ማንሣት ለቁርጭምጭሚት። ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር መቆም ለተደበዘዘው ስሜት። እያንዳንዱን ስድስት ስምንት ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ስምንት ከከበደዎት ሦስት ይሁን፤ ሦስትም ልምምድ ነው።

ልል ሰው ከባድ ነገር አያንሳ የሚለው አሮጌ ምክር እየተሻረ ነው። በዴንማርክ ተሠርቶ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ትከሻቸው የላላ 100 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለ16 ሳምንት አሠራ፤ በባለሙያ ክትትል ከበድ ባለ ክብደት የሠሩት በቀላል ከሠሩት የተሻለ የትከሻ ብቃት አገኙ፤ ያጋጠማቸው የጎንዮሽ ችግር ጊዜያዊና ቀላል ነበር፣ ግን በዛ ያለ ነበር። ስለዚህ መዳረሻዎ ክብደት ይሁን፤ መነሻዎ ግን ቀላሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ፦ ወይ ቁጥር፣ ወይ ክብደት።

ሕመምን እንዴት ያነቡታል? ከአሥር ነጥብ ሕመምዎ በሁለት ቢጨምርና በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ቢመለስ ይቀጥሉ። ከዚያ ካለፈ ግማሹን ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። ለውጥ የሚቆጠረው በወራት ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው የሚተዉት ብዙዎች ናቸውና ሦስት ወር ይስጡት።

6. ቤትና ሥራ

ልምምዱ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ቀሪውን ቀን የሚወስነው ጀሪካኑ ነው። ሃያ ሊትር ሃያ ኪሎ ነው፤ ሁለት አሥር አድርገው በሁለቱም እጅ ይያዙት። ብርድ ልብስ በእጅ መጭመቅ አንጓንና አውራ ጣትን በአንድ ላይ የሚያጣምም ሥራ ነው፤ ቧንቧው ላይ ጠምጥመው ሁለቱን ጫፎች ይዘው በክንድዎ ያዙሩት ወይም ውሃው ራሱ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ይስቀሉት። የምጣዱን ክዳን በጣት ጫፍ ሳይሆን በሙሉ መዳፍ ያንሱ። እስክሪብቶና የቢላ እጀታ ላይ ጨርቅ ጠምጥመው ያወፍሩ። ሕፃን በአንድ ዳሌ ላይ ከማንጠልጠል በአንቀልባ መሀል ጀርባ ላይ ማዘል ይሻላል። ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ቡና አፍልተው ከተቀመጡ፣ በየአቦሉና በየቶናው መሀል ይነሱ።

ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ይያዙ፤ ክብደትዎን ከእግር ወደ እግር ያዘዋውሩ። ስግደት የሚያብስብዎ ከሆነ ቁጥሩንና ፍጥነቱን ለመቀነስ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ። ሲሰግዱም አንጓዎ እንዳይቀለበስ በጡጫ መደገፍ ይችላሉ። ለሙስሊም አንባቢም ጉዳዩ ያው ነው፤ የታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድለት ያውቃሉ።

ሲቆሙ የሚያዞርዎ ከሆነ ሰው አጠገብዎ ሆኖ ይለኩ፦ አምስት ደቂቃ ተኝተው የልብ ምትዎን ይቁጠሩ፣ ከዚያ ቆመው እስከ አሥር ደቂቃ ድረስ ደጋግመው ይቁጠሩ። በደቂቃ በ30 እና ከዚያ በላይ ከጨመረ ለሐኪም ይንገሩ። ሊወድቁ ከመሰለዎት ወዲያው ይተኙ። ውሃ በብዛት መጠጣት ይረዳል፤ ጨው መጨመር ግን ደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ችግር የሌለበት ሰው ሐኪሙን ጠይቆ የሚያደርገው ነው። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ መቆየት ሲቆሙ ለሚያዞራቸው ሰዎች ከባድ ስለሆነ አስቀድመው ይመካከሩበት።

እንቅልፍን ችላ አይበሉ። በጎን ሲተኙ በጉልበቶች መሀል ትራስ ያድርጉ፤ ክንድዎን ከራስዎ በላይ ዘርግተው አይተኙ።

7. መድኃኒት

ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ፣ ማለፍ የለበትም፤ ጉበት የታመመ ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ከዚያም ያነሰ ነው የሚወስደው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለአዲስ ወለምታ ለጥቂት ቀናት ይረዳሉ። ለዓመታት ሲወሰዱ ግን ጨጓራን፣ ኩላሊትንና ደም ግፊትን ይነካሉ፤ ጨጓራውን ለሚያመው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «አንድ መርፌ ይወጉኝና ልረፍ» የሚለውን ልማድ ይተዉ። ትራማዶል ለሰነበተ ሕመም ጥቅሙ እየቀነሰ ሱሱ እየጨመረ ይሄዳል።

ሲፕሮ የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለብቻው ላንሣው፤ ከየፋርማሲው እንደ ቀላል ነገር ስለሚገዛ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ ጅማትን ሊጎዱና ሊበጥሱ ይችላሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ማርፋንና ኤለርስ ዳንሎስ ያለባቸው ሰዎች ሌላ አማራጭ እያለ እነዚህን መድኃኒቶች እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል፤ ትልቁ ደም ሥር ሊቀደድ ስለሚችል። ልል መሆንዎን ለሐኪሙም ለፋርማሲስቱም ይናገሩ። ለጥርስ ሐኪምም እንዲሁ፤ በአንዳንድ ልል ሰዎች ላይ ማደንዘዣው ቶሎ ይለቃል ወይም በደንብ አይዝም። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ለአዋላጅዋ ይንገሩ፤ የዳሌ ሕመም ሊበረታ ይችላል።

8. የክፉ ቀን እቅድ

ልል ሰውን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ደህናው ቀን ነው። ሕመሙ ቀለል ሲል የሳምንቱን ልብስ ያጥባል፣ ቤት ያጸዳል፣ ገበያ ይወጣል፤ ከዚያ ሦስት ቀን ይተኛል። በመጥፎ ቀንም መሥራት የሚችሉትን መጠን ያውቁና በደህናው ቀን ከእሱ ትንሽ ብቻ ይለፉ። ሥራውን ይከፋፍሉ፣ መሀል ላይ ሳይደክሙ ይረፉ።

ቢሆንም ሕመሙ የሚነሣበት ቀን አይቀርም። እቅዱን አሁን፣ ደህና ሆነው ሳሉ ወረቀት ላይ ይጻፉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፦ ሙቀት፣ ፓራሲታሞል፣ ቤት ውስጥ አጭር አጭር መራመድ፣ ከልምምዱ ግማሹ ወይም መገጣጠሚያውን ሳያንቀሳቅሱ ጡንቻውን ማጥበቅ ብቻ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትንሽ ይጨምሩ። ቤት ውስጥ የትኛውን ሥራ ማን እንደሚረከብዎ ስሙን ይጻፉ፤ በሕመም መሀል ሰው መለመን ስለሚከብድ። ሁለት ሳምንት አልፎ ካልቀለለ፣ ወይም በሁለተኛው ደረጃ ከጠቀስኳቸው ምልክቶች አንዱ ከታየ፣ ያንን አንድ ገጽ ይዘው ወደ ሐኪም ይመለሱ። የእቅዱን ወረቀት ፍሪጅ ወይም ቁም ሣጥን ላይ ይለጥፉት፤ የቤቱ ሰው ሁሉ እንዲያየው።